ከበድር የቀረው ባል ድርሻ



በሂጅራ 2ኛው ዓመት በረመዷን ወር (እ.ኤ.አ. በ624) ሙስሊሞች ወደ በድር ሲወጡ ከታላላቆቹ ሰሐቦች አንዱ መዲና ቀርተው ነበር። እኚህ ሰው ዑስማን ኢብን ዐፋን (ረ.ዐ) ናቸው። የቀሩት ፈርተው አልነበረም፤ ለሀብታቸው ሳስተውም አልነበረም። ባለቤታቸው የነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ልጅ ሩቅያ (ረ.ዐ) በጽኑ ታማ ስለነበር፣ ቀርተው እንዲያስታምሟት ያዘዟቸው የአላህ መልእክተኛ ራሳቸው ናቸው። ዘይድ ኢብን ሓሪሳ (ረ.ዐ) የድሉን ብሥራት ይዘው መዲና ሲደርሱ ሩቅያ አርፋ ቀብሯ እየተፈጸመ ነበር። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ግን ዑስማንን እንደ ቀሪ አልቆጠሯቸውም። በድር ላይ እንደ ተገኘ ሰው አጅርም፣ የምርኮ ድርሻም እንዳላቸው አረጋገጡላቸው።

ከብዙ ዓመታት በኋላ አንድ ሰው ይህን ጉዳይ እንደ ነውር ቆጥሮ «ዑስማን ከበድር ቀርተዋል» ሲል ለዐብዱላህ ኢብን ዑመር (ረ.ዐ) አነሳባቸው። ኢብን ዑመርም የቀሩበትን ምክንያትና የተሰጣቸውን ድርሻ ዘርዝረው አስረዱት። ዘገባው በሰሒሕ አል-ቡኻሪ ውስጥ ይገኛል።

ውድ አንባቢያን! ይህ ታሪክ ብዙ ጊዜ የሚነገረው የዑስማንን ክብር ለማስረዳት ነው። በውስጡ ያለው ሌላው ትምህርት ግን ተዘንግቷል። ከታመመች ሚስት አልጋ አጠገብ መቀመጥ በኢስላም ታሪክ ከታላቁ ቀን ጋር እኩል ተመዝኗል። ዛሬ በመካከላችን ይህን ሚዛን የሚፈትን በሽታ አለ፤ እርሱም የደም ካንሰር ነው።

ከላስታ ደጋ እስከ አዲስ አበባ

ላስታ ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው ከዐለት የተፈለፈሉትን የላሊበላ አብያተ ክርስቲያናት ነው። በዚያ ደጋ ቁጥሩ ጥቂት ቢሆንም ሙስሊም ወገናችንም ይኖራል። ከነዚህ ወገኖች አንድ ባልና ሚስት ለምሳሌ እንውሰድ። ሚስት ከወራት በፊት ጀምሮ ትደክማለች፤ ድዷ ይደማል፤ ሳትመታ ሰውነቷ ይበልዛል፤ ትኩሳቱ ይመላለሳል። ጎረቤት «ዐይን ነው» ይላል፤ ሌላው «ደም ማነስ ነው» ይላል። በመጨረሻ ሆስፒታል ሄዳ ደሟ ሲመረመር የነጭ ሕዋሱ ቁጥር ከልክ ውጭ ይሆንና ወደ ከፍተኛ ሕክምና ትላካለች።

ከላሊበላ አዲስ አበባ በመኪና ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ወደ ጋሸና ወጥቶ፣ ድልብን አልፎ ወልድያ፣ ከዚያም ደሴ፣ ከዚያም ደብረ ብርሃን እያለ ይቀጥላል። በቅርብ ዓመታት በጎንደር፣ በባሕር ዳርና በደሴ የካንሰር ሕክምና መሰጠት ቢጀምርም፣ ለአያሌ ዓመታት የሀገሪቱ ብቸኛ የካንሰር ማዕከል ሆኖ የኖረው የጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ዛሬም የብዙዎች መድረሻ ነው። በ2013 ክረምትና በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ጦርነቱ ላሊበላ በደረሰ ጊዜ እንደታየው ደግሞ መንገዱ የሚዘጋበት ቀን አለ። መንገድ ሲዘጋ የሕክምናው ቀጠሮም አብሮ ይዘጋል።

በዚህ መካከል ሽማግሌዎች ተሰብስበው ባልየውን ያማክሩታል። «ልጄ፣ ያለህን በሬ ሸጠህ የት ልትደርስ ነው? ለወላጆቿ መልሳት፤ በአባቷ ቤት ትረፍ። ጎጆህ እንዳይፈርስ ሌላ ፈልግ፤ ሸሪዓው ፈቅዶልሃል» ይሉታል። ምክሩን የሚሰጡት ክፉ ሰዎች ሆነው አይደለም። የልጁ ድካም አሳዝኗቸው ነው። ታዲያ እውን ሸሪዓው ይህን ይላልን?

የሊቃውንቱ ቃል

እዚህ ላይ እውነቱን ሳይሸፋፍኑ መናገር ይገባል። የቀደሙት የአራቱ መዝሀብ ሊቃውንት አብዛኞቹ፣ ባል በግድ መሸፈን ካለበት ነፈቃ ውስጥ ምግብን፣ ልብስንና መኖሪያን ሲቆጥሩ የሐኪምና የመድኃኒት ዋጋን አላስገቡም። ስለዚህ «ግዴታዬ አይደለም» የሚል ሰው የሚጠቅሰው ኪታብ አያጣም።

ነገር ግን ያ ፍርድ የተሰጠበት ዘመን ምን ይመስል ነበር? ሕክምና አልፎ አልፎ የሚፈለግ፣ ውጤቱም እርግጠኛ ያልሆነ ነገር ነበር። በ2015 እ.ኤ.አ. ያረፉት ሶሪያዊው የፊቅህ ሊቅ ዶክተር ወህባ አዝ-ዙሐይሊ ይህንን አንስተው፣ በዘመናችን ሕክምና እንደ ምግብ፣ እንዲያውም ከምግብ በላይ አስፈላጊ ሆኗልና በነፈቃ ውስጥ ይገባል ብለዋል። ሚስቱን በጤናዋ ጊዜ አኑሮ ስትታመም ወደ ቤተሰቧ የሚመልስ ባል፣ ቁርኣን ባዘዘው መልካም አኗኗር እንዴት ኖረ ሊባል ይችላል ሲሉም ይጠይቃሉ።

ቁርኣን በሱረቱል በቀራህ ባልና ሚስትን አንዱ ለሌላው ልብስ አድርጎ ገልጿቸዋል። ልብስ ለዒድ ብቻ አይለበስም። የላስታን ብርድ የሚያውቅ ሰው ልብስ ከሁሉ በላይ የሚያስፈልገው በውርጭ ሌሊት መሆኑን አይስተውም። ሌላ ማግባት በሸሪዓ የተፈቀደ መሆኑን ማንም አይክድም፤ ፈቃዱ ግን ከፍትሕ ጋር የታሰረ ነው። የታመመችውን ጥሎ ለመሄጃ በር እንዲሆን የተሰጠ አይደለም።

ኬሞቴራፒ ምን ያደርጋል?

ለማስታመም የሚፈልግ ሰው በሽታውንና መድኃኒቱን ማወቅ አለበት። የደም ካንሰር አንድ በሽታ አይደለም። ሉኬሚያ፣ ሊምፎማና ማልቲፕል ማይሎማ የሚባሉ ዋና ዋና ክፍሎች አሉት። ሉኬሚያም አጣዳፊና ዝግተኛ ተብሎ ይከፈላል። ስለዚህ «የደም ካንሰር ነው» ሲባል ተስፋ ከመቁረጥ በፊት «የትኛው ዓይነት ነው?» ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል። ለምሳሌ ዝግተኛ ከሆኑት አንዱን ዓይነት እ.ኤ.አ. በ2001 በአሜሪካ የተፈቀደው ኢማቲኒብ (ግሊቬክ) በየቀኑ በሚዋጥ ክኒን የሚቆጣጠረው ሆኗል። ይህ መድኃኒት በእርዳታ ፕሮግራም አማካይነት በጥቁር አንበሳ ለታካሚዎች በነጻ ሲሰጥ ቆይቷል። ሞት ብቻ ይጠበቅበት ከነበረው በሽታ ጋር ዓመታት መኖር ተችሏል።

አጣዳፊው ሉኬሚያ ግን ጊዜ አይሰጥም። የመጀመሪያው ዙር ሕክምና ብቻ አንድ ወር ገደማ ሆስፒታል ሊያስተኛ ይችላል፤ አንዱ ዓይነት በጠቅላላው 2 እና 3 ዓመት ይወስዳል። ለብዙ የሊምፎማ ዓይነቶች ደግሞ መድኃኒቱ በየ21 ቀኑ፣ አብዛኛውን ጊዜ 6 ዙር ይሰጣል። ስለዚህ አስታማሚው የሚነሳው ለረጅም ጉዞ ነው።

መድኃኒቱ ፈጥኖ የሚራባውን ሕዋስ ሁሉ ይመታል። ካንሰሩን ሲመታ የፀጉርን ሥር፣ የአፍና የአንጀትን ሽፋን፣ ደም የሚሠራበትን መቅኔም አብሮ ይመታል። ፀጉር የሚረግፈው፣ አፍ የሚቆስለውና የሚያስመልሰው ለዚህ ነው። ከሁሉ የሚያሰጋው ግን አይታይም። መድኃኒቱ ከተሰጠ ከ7 እስከ 14 ቀን ባለው ጊዜ በሽታ የሚከላከለው ነጭ የደም ሕዋስ እጅግ ያንሳል። በእነዚህ ቀናት ትኩሳቱ 38 ዲግሪ ከደረሰ ነገሩ የሰዓታት ጉዳይ ነው። ክኒን ሰጥቶ «እስኪነጋ እንይ» ማለት አይገባም፤ በዚያው ሰዓት ሆስፒታል መድረስ ያሻል። በአስታማሚው ኪስ ቴርሞሜትር የማይታጣውም ለዚህ ነው።

የባል የዕለት ሥራ

ለመሆኑ ባልየው ምን ይሥራ? እናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ) ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) በቤታቸው ምን ይሠሩ እንደነበር ተጠይቀው፣ ቤተሰባቸውን ያገለግሉ እንደነበርና የሰላት ሰዓት ሲደርስ ወደ ሰላት ይወጡ እንደነበር ተናግረዋል። እንግዲህ አጥሚት ማፍላት፣ ልብስ ማጠብ፣ ትውከት መጥረግ ለወንድ ነውር ነው የሚል ካለ ይህን ዘገባ ያስብ።

በመጀመሪያ ንጽሕና ይቅደም። ወደ ታማሚዋ ከመቅረቡ በፊት እጁን በሳሙና ይታጠብ። ጥሬ ሥጋ፣ ያልፈላ ወተትና ባልታጠበ ቅጠል የተሠራ ምግብ አይስጣት። አፏ ሲቆስል በፈላና በቀዘቀዘ ውኃ ውስጥ ጥቂት ጨው ጨምሮ እንድትጉመጠመጥ ያድርግ። ካንሰር ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍምና ሳህኗንና ብርጭቋን መለየት አያስፈልግም። የመድኃኒቱ ርዝራዥ ግን ለ2 ቀን ያህል ከሽንትና ከትውከት ጋር ስለሚወጣ ሲያጸዳ ጓንት ያድርግ። በሕክምናው ወራት እርግዝና እንዳይፈጠርም ባልና ሚስት ሳያፍሩ ሐኪሙን ያማክሩ፤ በዲን ጉዳይ ለመጠየቅ ሐፍረት እንደሌለ ሁሉ በዚህም ሐፍረት የለም።

ማርና ጥቁር አዝሙድ በሱና የታወቁ ናቸው። ይሁን እንጂ እነርሱን ይዞ ኬሞቴራፒውን መተው፣ ወይም ለሐኪሙ ሳይናገሩ ሥራ ሥር መቀላቀል ታማሚዋን ለጉዳት ይዳርጋል። ለበሽታ ሁሉ መድኃኒት እንዳለ ያስተማሩን ነቢይ (ሰ.ዐ.ወ) መታከምን አዘውናል። ተወኩል ግመልን አስሮ መታመን መሆኑ ለማናችንም አዲስ አይደለም።

ረመዷን ሲመጣ ሌላ ፈተና ይመጣል። ብዙ እህቶች በኬሞቴራፒ መካከል ሆነው «ጾሜን እንዴት እተዋለሁ?» እያሉ ያለቅሳሉ። አላህ (ሱ.ወ) ለታመመ ሰው የሰጠውን ፈቃድ መቀበል ራሱ ኢባዳ መሆኑን ባል በለሆሳስ ያስረዳ። ከዳነች ቀዳውን ታወጣለች፤ የመዳን ተስፋ የሌለው ሕመም ከሆነ ፊድያ አለ። መቆም ላቃታት ተቀምጣ መስገድ፣ ውኃ ለሚጎዳት ተየሙም ተፈቅዷል። ዲናችን ለታማሚ በሩን ሰፊ አድርጎ ሳለ እኛ ለምን እናጠበዋለን?

ስለ ፀጉርም አንድ ቃል እንበል። በውጭ ሒጃብ ይሸፍናታል፤ በቤት ውስጥ ግን የሚያያት ባሏ ነው። ፀጉሯ የረገፈ ዕለት እርሱ ዓይኑን ቢያሸሽ ያ ዕለት ከመርፌው ይልቅ ያማታል። ሳይጠየቅ ትራሷ ላይ የረገፈውን ሰብስቦ «አብሽሪ፣ ይመለሳል» ቢላት ደግሞ እውነት ተናግሯል፤ ሕክምናው ሲያበቃ አብዛኛውን ጊዜ ይመለሳልና።

በሽታዋን መደበቅም ልማድ ሆኗል። ለዘመድ ሁሉ ተነግሮ ለርሷ ብቻ «ደም ማነስ ነው» ይባላል። እርሷ ግን ወሲያ አላት፤ ዕዳ አላት፤ ይቅርታ የምትጠይቀው ሰው አላት። አእምሮዋ ሙሉ ለሆነ ሙእሚን እውነቱን በርኅራኄ መንገር እንጂ መንጠቅ አይገባም።

ሚስት ስታስታምም

ታማሚው ባል በሚሆንበት ጊዜ ደግሞ ሸክሙ ይበልጥ ከባድ ነው። ሚስት ታስታምማለች፤ ልጆችም ታሳድጋለች፤ ገቢውም ተቋርጧል። ሙፈሲሮች እንደሚተርኩት ነቢዩ አዩብ (ዐ.ሰ) በመከራቸው ሰው ሁሉ ሲርቃቸው ያልራቀቻቸው ሚስታቸው ነበረች። አዩብ በሕመማቸው መካከል ሊቀጧት ምለው ስለነበር፣ መሐላቸው እንዳይፈርስ እርሷም እንዳትጎዳ አላህ (ሱ.ወ) በአንድ እፍኝ ሣር ብቻ እንዲነኳት ማዘዙ በሱረቱ ሷድ ተመልክቷል። አስታማሚዋን ሴት ጌታዋ እንዲህ ከራራላት፣ በሆስፒታል ኮሪደር ወለል ላይ የምታድረዋን እህት ያማቶቿ ቤተሰቦች «ምን ሠራሽ?» ሊሏት ይገባልን?

ሀብትም ከዚህ ፈተና አያድንም። የዮርዳኖሱ ንጉሥ ሑሴን እ.ኤ.አ. በ1998 ሊምፎማ ተገኝቶባቸው አሜሪካ በሚገኘው ማዮ ክሊኒክ ለወራት ኬሞቴራፒ ሲወስዱ ባለቤታቸው ንግሥት ኑር ከአጠገባቸው ነበሩ። ሁሉ የተሟላላቸው ንጉሥ በፌብሩዋሪ 1999 አረፉ። ከላስታ የመጣው ገበሬና ንግሥቲቱ በሀብት አይገናኙም፤ ከአልጋው አጠገብ ያለው ወንበር ግን አንድ ነው።

የጀመዓው ግዴታ

ይህ ሁሉ ለአንድ ሰው ብቻ የሚቻል ነውን? አይደለም። ዑስማን (ረ.ዐ) ሲቀሩ ሌሎች ሄደውላቸዋል፤ ድርሻቸውንም አምጥተውላቸዋል። አስታማሚ ሲቀመጥ ሌላው ሊቆምለት ይገባል።

በአዲስ አበባ፣ በደሴና በሌሎች ከተሞች ላለን ሙስሊሞች ከሁሉ የቀረበው ሥራ ማደሪያ ነው። ከላይ እንዳልነው ከመድኃኒቱ በኋላ ባሉት ቀናት ታማሚዋ ከሆስፒታል መራቅ የለባትም። ተሳፍራ ላስታ ብትመለስና ሌሊት ቢያተኩሳት ማን ይደርስላታል? ስለዚህ ማደሪያ ከመድኃኒቱ እኩል ያስፈልጋል። አቶ ወንዱ በቀለና ባለቤታቸው ሕፃን ልጃቸውን ማቲዎስን በሉኬሚያ ካጡ በኋላ ሐዘናቸውን ወደ ሥራ ለውጠው በ1996 ዓ.ም. የማቲዎስ ወንዱ የኢትዮጵያ ካንሰር ሶሳይቲን መሠረቱ። ድርጅቱ ከክፍለ ሀገር ለሚመጡ ችግረኛ ታማሚዎች ድጋፍ ሲያደርግ ቆይቷል። አንድ ባልና ሚስት ይህን ካደረጉ፣ መስጊዶቻችን በየአካባቢያቸው አንድ ንጹሕ ክፍል ለታማሚና ለአስታማሚ ማዘጋጀት ያቅታቸዋልን?

ሁለተኛው ደም ነው። በኬሞቴራፒ ላይ ያለ የደም ካንሰር ታማሚ ደጋግሞ ደም ያስፈልገዋል። መድማትን የሚያቆመው ፕላትሌት ከ5 እስከ 7 ቀን በላይ አይቀመጥም፤ ስለዚህ ለጋሹ ዘወትር መገኘት አለበት። አንዲት ነፍስ ማዳን የሰውን ዘር ሁሉ እንደ ማዳን መቆጠሩን ቁርኣን አስተምሮናል። ከጁምዓ ሰላት በኋላ ወደ ደም ባንክ የሚሄድ ወጣት ይህን በክንዱ ይፈጽመዋል።

ሦስተኛው ገንዘብ ነው። ዘካ ከሚገባቸው 8 ወገኖች መካከል ድሃ፣ ምስኪን፣ ባለ ዕዳና መንገደኛ ይገኛሉ። በሬውን ሸጦ፣ ተበድሮ፣ በማያውቀው ከተማ የሚንከራተተው አስታማሚ አራቱንም ሊሆን ይችላል። በሀገር ቤት ያሉ ወገኖችም በ2003 ዓ.ም. በሙከራ የተጀመረው የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን አባል ከሆኑ፣ ከመነሳታቸው በፊት የሪፈር ወረቀቱን ከጤና ጣቢያ ደረጃ ጀምሮ በሥርዓቱ ይያዙ።

አራተኛው የቀዬው ሰው ነው። የወሎ ቅሬ ሰው ሲሞት ሁሉን ጥሎ ይወጣል፤ ይህ የሚያኮራ ነው። ነገር ግን ለሬሳ የሚወጣው ቅሬ ለሕያው አስታማሚ ቢወጣ ምን ነበረበት? ባልየው አዲስ አበባ ሳለ ማሳው በደቦ ቢታረስለት፣ ልጆቹ በጎረቤት ቢያድሩ፣ ሙስሊምና ክርስቲያን አብሮ የኖረበት ያ ሀገር ለዚህ አዲስ አይደለም።

አምስተኛው ጥየቃ ነው። ታማሚን መጠየቅ የሙስሊም በሙስሊም ላይ ያለው ሐቅ ነው። ሆኖም ጉንፋን የያዘው ሰው በእነዚያ አደገኛ ቀናት በር ላይ ቆሞ ዱዓ አድርጎ ቢመለስ አጅሩ አይጎድልበትም። የታመመውን ከብት ከጤነኛው እንዳንቀላቅል ያስተማሩን ነቢይ (ሰ.ዐ.ወ) በሰው ላይ ከዚህ ያነሰ ጥንቃቄ አላስተማሩንም። ሃያ ሰው ሆኖ ክፍል ማጨናነቅ ትቶ አንድ ሰው ሌሊቱን ቢያስታምምና ባልየው አንድ ሌሊት ቢተኛ ጥየቃው ያማረ ይሆናል።

ሩቅያ አልዳነችም

በመጨረሻም የሚከብደውን እንናገር። ይህ ሁሉ ተደርጎ ታማሚዋ ላትድን ትችላለች። ያን ጊዜ ሰው «ያ ሁሉ ገንዘብና ድካም ባከነ» ይላል፤ ባልየውም በልቡ ይህንኑ ያስባል።

ወንድሜ ሆይ! ሩቅያ (ረ.ዐ) አልዳነችም። የነቢይ ልጅ ነበረች፤ ያስታመማትም በጀነት ከተበሰሩት አንዱ ነበር፤ ሆኖም ቀደር ተፈጸመ። የዑስማን ድርሻ ግን በዚህ አልተቀነሰም። ድርሻው የተሰጠው ስላዳናት አልነበረም፤ መዳን በአላህ እጅ ነው። የተሰጠው ከአጠገቧ ስላልተለየ ነው። ሰብር ማለት እጅን አጣጥፎ መቀመጥ አይደለም። በየ21 ቀኑ ተነስቶ ያንን መንገድ እንደገና መሄድ ሰብር ነው፤ ሌሊት ትኩሳት መለካት ሰብር ነው፤ ሽማግሌዎቹን በትሕትና «አባቶቼ፣ አማናዬን አልመልስም» ማለትም ሰብር ነው።

አላህ (ሱ.ወ) ታማሚዎቻችንን ያሽርልን፤ አስታማሚዎቻችንን ያጽናልን፤ ከበድር ሰዎችም ድርሻ ያድርሳቸው። አሚን።

ወላሁ አዕለም።